አዛን የማይሰማበት ሰፈር

የአክስቴን የዓይን ሞራ ለማስገፈፍ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ ልንሄድ ስንል ጎረቤቱ ሁሉ የማደሪያ አማካሪ ሆነ። አንዱ «መናኸሪያው አጠገብ እደሩ» ሲል ሌላው «ከመናኸሪያው ሽሹ፣ ሌባ አለ» ይላል። እኔ ደግሞ ምክር ሲበዛብኝ እልህ የሚይዘኝ ሰው ነኝና፣ ማንም ያላነሳውን ዳገት ላይ ያለ ጸጥተኛ ሰፈር መረጥሁ።

ክፍሉ ንጹሕ ነበር። አክስቴ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቦርሳቸውን ከጭናቸው አላወርድ አሉ።

«የአሱር ሶላት አልደረሰም?» አሉኝ።

«አልፏል፣ እትዬ።»

«አዛን ሳልሰማ?»

«እዚህ አይሰማም። እንዲያርፉ ብዬ ነው ጸጥ ያለ የመረጥሁት።»

«ቀን ከሌት የምታነበው መጽሐፍ ጆሮህን ደፈነው እንዴ? እኔ የቀረኝ ጆሮዬ ነው። ነገ ዓይኔን ሲያስሩት መምሸት መንጋቱን በምን ልወቅ? ወላሂ፣ ወደ ቤቴ መልሰኝ!»

አክስቴ ከማሉ ማሉ ነው። ቀጠሮው ነገ ጠዋት ነው፤ እሺ ለማሰኘት ደግሞ ክረምትና በጋ ለምኛቸዋለሁ። ቦርሳውን ተሸክሜ በባጃጅ መስጊድ አጠገብ ወዳለ ማደሪያ ወሰድኋቸው። ከሥሩ ብረት ይቀጠቅጣሉ፤ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ሚናራው ተገትሯል። እንቅልፌን ተሰናበትሁት።

ፀሐይ ስትጠልቅ የመግሪብ አዛን መስታወቱን ሲያንቀጠቅጠው አክስቴ ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡ። እኔ ግን «ወደ ቤቴ መልሰኝ» ያሉት ገና ከጆሮዬ አልወጣም ነበር።

«የሚነኩት ሁለቱንም ዓይን ነው?» አሉኝ።

«ነገ አንዱን ብቻ ነው፣ እትዬ።»

«እሺ። ካበራልኝ ለሌላውም እንመጣለን፣ ኢንሻአላህ። አንተ ግን ሰፈር አትመርጥም።»