የክብሪቱ ቀፎ

ምድጃ ለማቀጣጠል ክብሪት በጫርኩ ቁጥር ወደ ሰቆጣ፣ ወደ አምስተኛ ክፍል እመለሳለሁ።

የሚጥል በሽታ ነበረብኝ። ስነቃ አፌ ውስጥ አቧራ፣ አፍንጫዬ ሥር የክብሪት ጭስ አገኛለሁ፤ የወደቀ ሰው ክብሪት ሲያሸቱት ይነቃል ይባላል። ይህን ያዩ የክፍሌ ልጆች ባለፍኩ ቁጥር የክብሪት ቀፎ ጆሮዬ ሥር መነቅነቅ ጀመሩ። ሽክ፣ ሽክ።

አንድ ቀን እንደነቃሁ፣ ሁልጊዜ ክብሪት የሚያሸቱኝን የትምህርት ቤቱን ዘበኛ አባ ወልዱን "ሁለተኛ እንዳያሸቱኝ!" ብዬ ጮኽኩባቸው።

"እኔ የማውቀው ይህንኑ ነው፣ ልጄ" አሉ፣ ፊቴን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። "ያንቃሽ አያንቃሽ እንጃ። ግን ያ ሁሉ ልጅ ከቦ ሲያይ የነካሽ ማነው? እኔ ሽማግሌው! የፈሩት እነሱ ናቸው፤ አንቺ ምን አድርገሽ ታቀረቅሪያለሽ?"

ክብሪቱን መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

በማግስቱ ሰልፍ ላይ፣ ማንም ሳይቀድመኝ ራሴ ነቀነቅኩት። ሁሉም ዞሩ። "ስወድቅ ማን ይጭርልኛል?" ብዬ ቀፎውን ዘረጋሁላቸው። አንድም እጅ አልመጣም።

ኪኒኑ ቢያስታግሰውም በሽታው ዛሬም አልፎ አልፎ ይጥለኛል። ቀፎው ከቦርሳዬ ጠፍቶ አያውቅም። የሚያፈጥብኝ ሰው ሲገጥመኝ፣ እሱ ሳይቀድመኝ አውጥቼ እነቀንቅለታለሁ።