ቬርና ለጨዋው ሰው የሰጠችው መልስ

ቬርና ያስኩልስኪ በሚልዋኪ ከተማ ደቡባዊ ሰፈር ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ አድላለች። በእግሯ ነው፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ፣ በበረዶም በሐሩርም። ጡረታ ከወጣች ስድስት ዓመት ቢያልፍም ማን የት ቤት እንደሚኖር፣ ማን ከማን እንደተፋታ፣ የማን ልጅ ወታደር ቤት እንደገባ እሷን የጠየቀ መልስ አያጣም ነበር። ሰፈሩ በልጅነቷ የፖላንዶች ነበር። ፖላንዶቹ ገሚሶቹ ሞቱ፣ ገሚሶቹ ቤታቸውን እየሸጡ ወደ ከተማው ዳርቻ ወጡ፤ በቦታቸው ሜክሲኮዎችና ጓቲማላዎች ገቡ። ከወጡት አንዱ ልጇ ሮጀር በደወለ ቁጥር ይጨቀጭቃታል።

"እማዬ፣ ሽጪውና እኛ ዘንድ ነይ።"

"እዚያ መጥቼ ከማን ጋር ላወራ ነው? ከሣርህ ጋር?" ትለዋለች።

ወሬ ትወዳለች። ክፋት ግን የለባትም። ሰው ሲጠይቃት መመለስ፣ መንገድ የጠፋበትን ደጃፉ ድረስ ማድረስ ደስ ይላታል። በሥራ ዘመኗ አድራሻው የተሳሳተ ደብዳቤ እጇ ከገባ ባለቤቱን ሳታገኝ አታርፍም ነበር። ይህንን ነበር ሙያዬ የምትለው።

ከጎኗ ያለው ቤት በረንዳ ከእሷ በረንዳ የሚርቀው አንድ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። እዚያ ኤውሴቢዮ ጾክ የሚባል ጣሪያ ሠሪ ከሚስቱ ከኔሊዳና ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጁ ከያሬሊ ጋር ዘጠኝ ዓመት ተከራይቶ ኖሯል። ባልና ሚስቱ ከጓቲማላ የመጡት ያለ መኖሪያ ፈቃድ ወረቀት ነው፤ ያሬሊ ግን እዚያው ሚልዋኪ ተወለደች። ቬርና ስለ ወረቀቱ ጠይቃቸው አታውቅም። ብትጠይቅም ምንም የሚለወጥ አልነበረም፤ ሰውየው ጎረቤቷ ነው። አንድ ጊዜ ነፋስ የቤቷን ቆርቆሮ ገንጥሎ ሲወስደው ኤውሴቢዮ ሳትጠራው መሰላል አቁሞ ወጣ።

"አንተ ሰውዬ፣ ውረድ! ወድቀህ ብትሞት ለሚስትህ ምን ልላት ነው?" አለችው ከሥር ሆና።

"ብወድቅማ እርስዎ ይቀልቡኛል፣ ዶኛ ቬርና" አለ፤ በቋንቋው "እመቤት ቬርና" ማለቱ ነው።

"በዚህ ጉልበቴ? ምሳ ካልሆነ ሌላ አልቀልብህም።"

በግንቦት ወር አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ የቬርና በር ተንኳኳ። ሁለት ሰዎች ናቸው። ደረታቸው ላይ "ፖሊስ" የሚል ሰደርያ ለብሰዋል። አንደኛው ወጣት ነው፤ ሌላው ጢሙ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ረዥም፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው። ኮፍያውን አወለቀላት።

"እንደምን አደሩ እመቤቴ። በጠዋት ስለረበሽንዎት ይቅርታ። ይህን ሰው አይተውት ያውቃሉ?"

ስልኩ ላይ ያሳያት ፎቶ አንገተ ወፍራም፣ አንገቱ ላይ እባብ የተነቀሰ ሰው ነው።

"አደገኛ ሰው ነው። ከዚህ ከጎንዎ እንደሚኖር ተነግሮናል።"

ቬርና ደነገጠች። ኤውሴቢዮን በስህተት ሊይዙት ነው ብላ አሰበች።

"ኧረ ተሳስታችኋል! እዚህ የሚኖረው ኤውሴቢዮ ነው።"

"ኤውሴቢዮ ማን?"

"ጾክ" አለች። ሰውየው ሲጽፍ ሲሳሳት አይታ ፊደሉን አንድ በአንድ ጠራችለት። "ይሄ የምታሳዩኝ እሱ አይደለም። ኤውሴቢዮ ቀጭን ነው፣ አንገቱም ላይ ምንም የለበት። ጣሪያ ሠሪ ነው። ጠዋት ጠዋት ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ ይወጣል፣ እስኪመሽ አይመለስም። ለክፉ ነገር ጊዜም የለው።"

"መኪናው ምን ዓይነት ናት? ከሌላ ሰው እንዳናምታታው ነው።"

"ነጭ ፒክአፕ። ከኋላ፣ ጓሮ መንገዱ ላይ ነው የሚያቆማት።"

"በጣም ነው የረዱን፣ እመቤቴ።"

በሩን ስትዘጋ ልቧ ሞልቶ ነበር። ጎረቤቷን ከመከራ ያዳነች መስሏታል። ለሮጀር ደውላ "ዛሬ እኔ ባልኖር ምስኪኑን ሰውዬ በሰው ኃጢአት ሊወስዱት ነበር" አለችው። ለኔሊዳ መንገር አስባ ደግሞ ተወችው። ነገሩ አልቋል፣ በከንቱ ለምን ላስደንግጣት ብላ።

በማግስቱ በማለዳ የወጥ ቤቷ መስኮት ላይ ቆማ ውሃ ስትጠጣ ሦስት መኪና በጓሮ መንገዱ ገባ። ኤውሴቢዮ የምሳ ዕቃውን በብብቱ ይዞ የፒክአፑን በር ሊከፍት እጁን ዘርግቷል። ጢማሙ ሰው ቀረበውና "ኤውሴቢዮ ጾክ?" አለው። ስሙን አላበላሸውም፤ ልክ እሷ እንደነገረችው አድርጎ ጠራው። ኤውሴቢዮ አልሮጠም። አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ እጁን ወደ ኋላ ሲያስሩት የምሳ ዕቃው ወደቀና ሩዙ ተበተነ። ኔሊዳ በነጠላ ጫማ ወጥታ እስክትደርስ መኪናዎቹ መንገዱን ጨርሰው ነበር። ቬርና መስኮቱን የከፈተችው ከዚያ በኋላ ነው።

አሥር ቀን ቆይቶ በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ስብሰባ ተጠራ። ቬርና የሄደችው እንዴት ልርዳቸው ብላ ነው። ዳማሪስ የምትባል አጭር ጠበቃ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ እዚያ ለተሰበሰበው ሰው ትናገር ነበር።

"ፖሊስ የሚል ሰደርያ የለበሱ የኢሚግሬሽን ሰዎች ስለ ጎረቤታችሁ ሲጠይቁአችሁ የመመለስ ግዴታ የለባችሁም። ዜጋም ሁኑ አትሁኑ ያው ነው። 'መልስ አልሰጥም' ማለት ይቻላል። 'መሄድ እችላለሁ?' ብላችሁ ጠይቁ። በር አትክፈቱ፤ ወረቀት አለን ካሉ በበሩ ሥር ይላኩትና የዳኛ ፊርማ እንዳለበት እዩ። የዳኛ ፊርማ ከሌለው ቤታችሁ ሊገቡበት አይችሉም። አንድ ነገር ግን አደራ፣ እንዳትዋሹ። መዋሸት ያስከስሳል፤ ዝም ማለት አያስከስስም።"

ቀጥላ "ፎቶ ያሳዩአችኋል" አለች። "ምናልባት የማታውቁት ሰው ፎቶ ነው። እናንተ 'ይሄማ እሱ አይደለም፣ የእኛ ጎረቤት እንዲህ ነው' እንድትሉ ነው። ሰው ጎረቤቱን ሲከላከል ብዙ ያወራል።"

ቬርና እጇን አነሣች። ለምን እንዳነሣችው ራሷም አላወቀችም።

"የነገራቸውስ ሰው? ቢነግራቸው ምን ይሆናል?"

"ምን ይሆናል? መንገድ መሪ ሆነላቸው ማለት ነዋ" አለች ዳማሪስ፣ ማንን እንደምታናግር ሳታውቅ።

ቬርና ያን ቀን በእግሯ ወደ ቤት ስትመለስ ሠላሳ አንድ ዓመት በተመላለሰችበት መንገድ ላይ መታጠፊያ ስታ አለፈች።

መናገር ነበረባት። አልተናገረችም። በዚያው ሰሞን ኔሊዳ በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ታማሌ የሚባል ትኩስ የአገራቸውን ምግብ በሳህን ይዛ መጣች፤ ያሬሊ ልታስተረጉም ከኋላዋ ናት። ኤውሴቢዮ ጥሩ ሰው መሆኑን የሚመሰክር ደብዳቤ ጉዳዩን ለሚያየው ዳኛ ትጻፍልን ብለው ነው የመጡት።

"እናቴ የእርስዎ ቃል ይሰማል ትላለች። የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ" አለች ያሬሊ።

ቬርና ሁለት ገጽ ጻፈች። ስለ ቆርቆሮው ጻፈች፤ በየክረምቱ ሳትጠይቀው በረዶዋን እንደሚጠርግላት ጻፈች። አንዱን ነገር ግን አልጻፈችም። ታማሌውን ሳትበላው እየተሳቀቀች ጣለችው። ደብዳቤው ምንም አልፈየደም። ሐምሌ ሳይጋመስ ኤውሴቢዮን በአውሮፕላን ወደ ጓቲማላ መለሱት።

ከዚያ በኋላ ነው ልትነግራቸው የሄደችው። ኔሊዳ ወጥ ቤት ውስጥ የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነበር፤ ያሬሊ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። ቬርና ሳትቀመጥ ጀመረች።

"ንገሪያት። ከመያዙ በፊት ባለው ቀን ሰዎቹ እኔ ቤት መጥተው ነበር። የሌላ ሰው ፎቶ አሳዩኝ። እሱ እንዳልሆነ ላስረዳቸው ብዬ ስሙን ነገርኳቸው። ስንት ሰዓት እንደሚወጣም፣ መኪናውንም ነገርኳቸው።"

ያሬሊ የመጀመሪያዎቹን ቃላት ተርጉማ ቆመች። እናቷ "ምን አለች?" አለች። ልጅቷ ቬርናን ትክ ብላ ስታያት ቆየችና ቀሪውን ቀስ ብላ ነገረቻት። ኔሊዳ ካውያውን አቆመችው።

"አስፈራርተዋታል?" ስትል በልጇ በኩል ጠየቀች።

"አይ።"

"መትተዋታል?"

"አይ። እመቤቴ ነው ያሉኝ።"

ከዚያ ያሬሊ የራሷን ጠየቀች።

"ደብዳቤውን የጻፉልን ለዚህ ነው?"

"አይደለም" አለች ቬርና። መልሳ ደግሞ "ነው መሰለኝ" አለች።

ኔሊዳ አንድ ነገር ተናገረች፤ ያሬሊ ሳትተረጉመው ተነሥታ በሩን ከፈተችላት። መተርጎምም አላስፈለገውም።

በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ቬርና በረንዳዋ ላይ የረገፈ ቅጠል ስትጠርግ ሁለቱ ሰዎች እንደገና መጡ። ኔሊዳ ቤት ነበረች። ወጣቱ የኔሊዳን በር ሲደበድብ ጢማሙ ወደ ቬርና ዞሮ ፈገግ አለ።

"እንዴት ከረሙ እመቤቴ? አስታወሱኝ? ባለፈው ጥሩ አድርገው ነው የረዱን። ሴትየዋ ውስጥ ናት?"

መጥረጊያውን ተደገፈች። "ለቃ ሄዳለች" ልትል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ የጠበቃዋ አደራ ትዝ ሲላት ዋጠችው።

"ለጥያቄ መልስ አልሰጥም።"

"ቀላል ጥያቄ እኮ ነው። አለች ወይም የለችም።"

"መልስ አልሰጥም። ይዘኸኛል ወይስ መሄድ እችላለሁ?"

"ማን ያዘዎት?"

"እንግዲያው በረንዳዬ ላይ ነኝ" አለችና ድምጿን ከፍ አድርጋ ከዳማሪስ በተማረችው ስብርባሪ ስፓኒሽ ወደ ጎረቤቷ ግድግዳ ጮኸች። "ኔሊዳ! በር ያለመክፈት መብት አለሽ! ወረቀት በበሩ ሥር ይላኩ!"

ወጣቱ የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። "ትእዛዝ ይዘናል፣ አሮጊት።"

"አሳየኝ።"

በበረንዳው አጥር ላይ አሻግሮ ዘረጋላት። ቬርና መነጽሯን አስተካክላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

"የፈረመው ዳኛ አይደለም። የራሳችሁ አለቃ ነው። ይሄ በር አያስከፍትም።"

"ሕግ ተምረሻል ደግሞ?"

"ፖስታ ነው ያደልኩት። ማንበብ አይቸግረኝም።"

የጢማሙ ፈገግታ ጠፋ። "ሥራችንን እያደናቀፉብን ነው፣ እመቤቴ።"

"በቤቴ ቆሜ ቅጠል እጠርጋለሁ" አለችው።

አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁ። ቬርና አልገባችም። የተጠረገውን በረንዳ መልሳ ጠረገችው። በመጨረሻ መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ። መንገዱ ጭር ካለ በኋላ የኔሊዳ በር በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ፤ በክፍተቱ ፊቷ ታየ። ቬርና አንድ ነገር ጠበቀች። ምስጋናም ባይሆን የእግዜር ሰላምታ። ኔሊዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አስተርጓሚ፣ በምታውቃት ጥቂት እንግሊዝኛ ተናገረቻት።

"ያኔስ?" አለች።

በሩ ተዘጋ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እናትና ልጅ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ሌላ ግዛት፣ ዘመድ ዘንድ ሄዱ። የት እንደሆነ ለሰፈሩ ሰው አልተናገሩም፤ ለቬርና ደግሞ ጭራሽ። አልጋቸው ሲወጣ ከመጋረጃ ኋላ ሆና አየች። ልርዳ ብላ ለመውጣት ጫማዋን አጥልቃ ነበር፤ አወለቀችው። ፖስታ ቤት የአድራሻ ለውጥ ካርድ ሞልተው ይሆናል ብላ ከድሮ ባልደረቦቿ አንዱን ልትጠይቅ ስልክ አነሣች። ቁጥሩን ሳትጨርስ አስቀመጠችው። አሁንስ የት እንዳሉ ማወቋ ለማን ይበጃል?

ከዚያ ወዲህ ቬርና የዳማሪስን ካርዶች በቦርሳ ይዛ በድሮ መንገዷ በር ለበር ትዞራለች። ካርዱ ላይ በሁለት ቋንቋ "መልስ አልሰጥም" የሚል ተጽፎበታል። አንዳንዱ ይቀበላታል፤ አንዳንዱ የድሮ ጎረቤት "ቬርና፣ ፖለቲካ ውስጥ ገባሽ ደግሞ" ይላታል። ሮጀር ስልክ መደወል ቀንሷል። በወር አንድ ጊዜ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት እሷም ትናገራለች። የምትጀምረው ሁልጊዜ ከራሷ ነው።

"ይተዉት ይሄን" አለቻት ዳማሪስ አንድ ቀን። "ሰው ይሸሻል። ሕጉን ብቻ ይንገሯቸው።"

"ሕጉን ብቻ ብነግራቸው እኔን ጥሩ ሴት ብለው ያስባሉ" አለች ቬርና። "እኔንም ያምኑኛል። ያን ኮፍያውን ያወለቀልኝን ሰውዬ እኔም አምኜው ነበር።"

ባለፈው የካቲት አሥራ ሁለት ሰው መጥቶ ነበር። ቬርና ተነሥታ "ከጎኔ ይኖር የነበረውን ሰው ያስያዝኩት እኔ ነኝ" አለች። ከፊት ረድፍ አንዲት ሴት የሚተረጎምላትን ሰምታ ስትጨርስ ካፖርቷን ለበሰችና ወጣች። ማንም አልከለከላትም። ቬርና በሩ እስኪዘጋ ጠበቀችና ለቀሩት አሥራ አንድ ሰዎች ፎቶ ሲያሳዩአቸው ምን ማለት እንዳለባቸው መናገር ጀመረች።