የማይዘፍነው ሰውዬ

ዌንደል ፒያኖውን እየመታ ሰውዬውን በዓይኑ ጥግ ይከታተላል። አዲሱን ሙዚቃዊ ድራማ አይቶ የወጣው ሁሉ የአርባ ስድስተኛውን ጎዳና ባር ሞልቶ የድራማውን ዘፈኖች አብሮ ይዘፍናል። ሰውዬው ግን ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ በድራማው መርሐ ግብር ጀርባ ላይ በእርሳስ ይጽፋል። ቢራውን አልነካውም።

«የድራማው ፕሮዲዩሰሮች ጠበቃ ነው» አለች አስተናጋጇ ሮዛሊን። «ውድ ጫማውን አታይም?»

«ከሆነማ አለቀልኝ።»

ዌንደል ቀን ቀን ለዚሁ ድራማ ልምምድ ፒያኖ ይመታል። ዜማዎቹን ውጭ መጫወት ከሥራ ያስባርራል።

«እስቲ ማክሰኞ ከድራማው የሰረዙትን ዘፈን ተጫወት። ከነሱ ወገን ከሆነ ፊቱ ይናገራል።»

ተጫወተው። ከልምምዱ አዳራሽ ውጭ ማንም ያልሰማው፣ በድራማው ውስጥ ያለችው እናት የምትዘፍነው ነው። ሰውዬው እርሳሱን አስቀመጠ። ከንፈሩ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አብሮ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አላወጣም። ሲያልቅ ወደ ፒያኖው መጣ።

«ሁለተኛው አንጓ ላይ ትቸኩላለህ» አለ። «እናትየዋ እዚያ ጋ ትንፋሽ ያጥራታል።»

«ይቅርታ፣ እርስዎ ማን ነዎት?»

«ዛሬ ተመልካች። የራሴን ዘፈኖች ለመስማት ትኬት ገዝቼ ነው የገባሁት።»

ዌንደልን ከሥራ ያባረረው የለም። ድራማው ግን ለሕዝብ በቀረበ በአሥራ አንደኛው ቀን ተዘጋ።