ሲለቁት የሚመለሰው እጀታ

ባሕር በመኪና ግማሽ ቀን በሚርቅበት ሪያድ፣ ዑረይጃ በሚባለው ሰፈር ከምሠራበት ቤት ጓሮ የጀልባ ሞተር ይሸተኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ባለፈው ሐሙስ ልብስ ላሰጣ ስወጣ ግን ከዘይት ጋር የተደባለቀ የቤንዚን ሽታ ተቀበለኝ፤ እርጥቡን አንሶላ እንዳቀፍኩ ቆምኩ። ባባ፣ ማለት የቤቱ ጌታ፣ ከአጎቱ የወረሰውን አሮጌ ሞተር አስመጥቶ እንዲጠግነው ለሾፌሩ ለኑሩ ሰጥቶት ኖሯል። ኑሩ የወሎ ልጅ ነው፤ ከመኪና በቀር ሞተር ነክቶ ባያውቅም ለባባ አልችልም ማለት አይሆንለትም። የተበላሸው መሪው ጫፍ ላይ ያለው፣ እንደ ሞተር ሳይክል እጀታ ሲጠመዝዙት ነዳጅ የሚሰጠው ክፍል ነበር። እኔ በዚህ ዓለም አንድ ዕቃ በደንብ አውቃለሁ ካልኩ የማውቀው እሱን ነው።

አባቴ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ጀልባ ነበረው። በገበያ ቀን የደሴቶቹን ሰዎች ከነዶሮዎቻቸው ያመላልሳል፣ በሌላው ቀን ቆሮሶ ዓሣ ያጠምዳል። ሞተሩ እሱ ከመግዛቱ በፊት ስንት እጅ እንዳለፈ እግዜር ይወቅ፤ ቀለሙ ለቋል፣ ክዳኑ በሽቦ ታስሯል፣ ሲፈልግ ይነሳል ሳይፈልግ ያኮርፋል፤ ስለዚህ አባቴ «አለቃ» ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር። ማታ ማታ ከጀልባው ነቅሎ ተሸክሞት ይመጣና ከአልጋቸው ግርጌ ያሳድረዋል። እናቴ ይሄ ነገር ወጥ መሥራት ቢችል ኖሮ እኔን ድሮ አባረኸኝ ነበር ትለዋለች፤ እሱም እስኪ ልሞክረው እያለ ያስቃታል። ቤታችን፣ ልብሳችን፣ እንጀራችን ሳይቀር ያ ሽታ ነበረው፤ ትምህርት ቤት አጠገቤ የሚቀመጡ ልጆች አፍንጫቸውን ሲይዙ እኔ እኮራ ነበር።

አሥር ዓመት በሆነኝ ክረምት የእጀታው ገመድ ተበጠሰ። አባቴ ደጃችን ካለው ሾላ ጥላ ሥር ሞተሩን ዘርግቶ የብስክሌት ፍሬን ገመድ ገዝቶ ተካው፤ እኔ ጫፉን በፒንሳ ጨምድጄ ስይዝ እሱ እናቴ ለራሷ ያስቀመጠችውን ቅቤ ሰርቆ ገመዱን አለሰለሰው፤ በዚያ ቅቤ የተነሳ ሳምንት ሙሉ ተኮርፈናል። እጀታው ሲለቁት ወደ ዝግታው እንዲመለስም አንድ ጠንካራ ሞላ ጨመረበት። ሞላው ሥራውን ይሠራል፣ ግን መጠን አልፎ ይጎትታል። የአባቴ ቀኝ እጅ ደግሞ ሁለት ጣቶቹን የመረብ ገመድ በልቷቸው ስለነበር ቀኑን ሙሉ ያንን እጀታ ጠምዝዞ ይዞ መዋል አቃተው። ሲመሽ እጁን ለብ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። እንዲያ ሳየው አንጀቴን በላው።

ስለዚህ መላ ፈጠርኩ። ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ቀጭን ላስቲክ ቆረጥኩና እጀታውን ከመሪው ዘንግ ጋር አጣምሬ አሰርኩት፤ ከዚያ በኋላ የትም ቢያዞሩት እዚያው ይቀራል። አባቴ ሐይቁ ላይ ሞከረው፤ ሁለት እጁን እንደ ሠርገኛ ወደ ላይ ዘርግቶ ጀልባው በራሱ ሲሄድ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ዳር ላይ ላገኘው ሁሉ ኢንጅነር ልጅ አለችኝ ብሎ አወራ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተመሰገንኩበት ቀን የለም።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የሐይቁ ነፋስ በተነሳበት ሰዓት፣ ጀልባው ብቻውን ማዶ ዳር ፊላ ሣር ውስጥ ተሰክቶ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ጭቃ ሲቆፍር ተገኘ። አባቴ የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው። ለቅሶ የመጣ አንድ አጥማጅ እንዲህ ያለ ዋናተኛ እንዴት ይሞታል፣ ከጀልባው ቢወድቅ እንኳ እጁ እጀታውን ሲለቅ ጀልባው ይቆምለት አልነበረም ወይ እያለ ሲደነቅ ከበሩ ጀርባ ሰማሁት። በጓሮ ወጥቼ ወደ ዳር ሮጥኩ፤ ላስቲኩን በቢላ ቆርጬ ሐይቁ ውስጥ ጣልኩት። ማንም አልጠየቀኝ። እናቴም ሳልነግራት ሞተች።

ኑሩ «እህቴ፣ ነይ ጉድ እዪ» ብሎ ሲጠራኝ አንሶላው አሁንም እቅፌ ውስጥ ነበር። ሞላው እጅ ያደክማል፣ ባባ ደግሞ ነገ ሁለቱን ልጆቹን ይዞ ባሕር ሊወርድ ነው፤ ስለዚህ እጀታውን ጥቁር ላስቲክ አስሮበት ነበር። በደስታ አዙሮ ለቀቀው፤ እጀታው እዚያው ቀረ።

«ኸላስ፣ አለቀ፣ አሁን ሁለት እጁን ለቆ ያጠምዳል» አለኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም ማለቱን አርባ ዓመት ለምጄዋለሁ፣ ሠራተኛ ሆኜ በወንዶች ሞተር ምን አገባኝ። ግን ትንሹ ልጅ፣ ጠዋት ፀጉሩን ያበጠርኩለት፣ ትዝ አለኝ።

«ኑሩ ወንድሜ፣ ፍታው» አልኩት። ሳቀብኝ፤ አንቺ ደግሞ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ አለኝ።

«አባቴን የገደለው ይሄ ነው። ያሰርኩትም እኔ ነኝ።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ። ኑሩ አፍጥጦ አየኝ፣ ከዚያ ቢላውን አንስቶ ላስቲኩን ቆረጠው። እጀታው ቀጭ ብሎ ተመለሰ። ጎንበስ ብዬ በእጄ አዞርኩት፣ ለቀቅኩት፣ ተመለሰ፤ ደግሜ አዞርኩት፣ ተመለሰ። ኑሩ ፊቱን አዙሮ መፍቻዎቹን ይሰበስብ ጀመር።

አባቴ ሲሞት ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ዛሬ እኔ በአሥራ ሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ። ሾላው ተቆርጧል፣ ቤቱ ተሽጧል፣ መልኩም ፎቶ ስለሌለን ከዓመት ዓመት እየጠፋብኝ ነው። ማዳም ሩዙን እንድጥድ ከውስጥ ተጣራች። ወጥ ቤት ገብቼ እጄን ልታጠብ ቧንቧውን ከፈትኩ፤ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸተውን መዳፌን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ ትንሽ ቆየሁና ውሃውን መልሼ ዘጋሁት።