ሽፈራው ማን ነው?

ሰው ሁሉ የደፈረሰ ውሃ ይፈራል። እኔ የምፈራው የጠራውን ነው። ሪያድ፣ ዑለያ ሰፈር የማጸዳው ሆቴል መግቢያው ላይ ክብ የውሃ ገንዳ አለ። ጠዋት ጠዋት ጠርዙን ስወለውል ፀሐይዋ በመስታወቱ ገብታ እስከ ወለሉ ድረስ ታበራዋለች፤ እንግዳ የጣላት ሳንቲም ሳትቀር ትታያለች። አለቃችን በዚህ ውሃ ይኮራል። እኔ ግን ከታች የሆነ ነገር ተጋድሞ የማይ ይመስለኝና ፊቴን አዞራለሁ። ይኸው ስንት ዓመት አለፈ፣ ጉልበቴም መቆርጠም ጀመረ፣ ይህ ፍርሃት አልለቀቀኝም።

ያኔ ልጅ ነበርኩ። ከባዲዓ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ግንቡ ረጅም በሆነ ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ሆኜ ገብቼ ነበር። በግቢው መሀል ማዳም ከሁሉ አስበልጣ የምትወደው የዓሣ ኩሬ ነበራት። ጠርዙ ነጭ ድንጋይ፣ ዳሩ ላይ የቴምር ዛፍ፣ ውስጡ ቀይና ብርቱካንማ ዓሦች። ዓሦቹ ሁልጊዜም ከእኔ ቀድመው ነበር ቁርስ የሚበሉት።

ኩሬውን የሚጠብቀው አትክልተኛው ነው። የሀገሬ ልጅ፣ ከኮንሶ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ። ኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የወጣው ከፊል በሚሉት በሌላ አሠሪ ስም ነበር፤ ያ ከፊል ከተሰወረ ቆይቷል፣ ወረቀቱም አልታደሰም። ስለዚህ ከግቢው በር ውጭ እሱን የሚጠብቀው ተርሂል ብቻ ነው፤ ሰውን አጉረው ወደ አገሩ የሚጠርዙበት እስር ቤት። ማዳም ይህን ታውቃለች። ስትቆጣው ድምጿን ከፍ ማድረግ እንኳ አያስፈልጋትም ነበር። ወደ በሩ ታያለች፣ በቃ።

ምሳውን የማወጣለት እኔ ነበርኩ። ትሪውን ቴምሩ ሥር አስቀምጬ ቶሎ መመለስ ሲገባኝ ሰበብ እየፈለግሁ እቆያለሁ። ድንጋዩ የእርጥብ አፈር ሽታ አለው፤ ፓምፑ ያጉረመርማል፤ ዓሦቹ የውሃውን ፊት በአፋቸው ጠብ ጠብ ያደርጋሉ። እሱ «እህቴ» ይለኛል፣ እኔም «ወንድሜ» እለዋለሁ። እዚህ አገር ሐበሻ ሁሉ እህትና ወንድም ነው፤ ቃሉ ከእግዜር ሰላምታ አይበልጥም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደ ሽሮ ቀላ። አቧራው መጣ። የመስኮቱን ሥር በእርጥብ ፎጣ ስወትፍ ዋልኩ። ነፋሱ ሲያልፍ ወጥቼ ባይ ኩሬው ሻይ በወተት መስሏል። ዓሦቹ የሉም፤ አልፎ አልፎ አንድ ቀይ ጀርባ ብቅ ይልና ይጠፋል።

ማዳም በረንዳ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። ዓርብ ዕለት እህቶቿ ከጅዳ ሊመጡ ነበር፤ ግብዣውም የታሰበው ኩሬው ዳር ነው። እስከ ዓርብ ካልጠራ፣ ያላ፣ ወደ መጣበት ይሂድ ብላ ነገረችኝ። እሱ አጠገባችን ቆሟል። የነገረችው ግን ለእኔ ነው፣ እንዳስተላልፍላት።

መጀመሪያ ማጣሪያውን ፈታ። ስፖንጁን በቱቦ ሲያጥበው የወጣው ጭቃ ጫማዬን አለበሰው፤ ውሃው ግን ያው ነው፤ አቧራው ስፖንጁ ከሚይዘው በላይ የደቀቀ ነበር። ቀጥሎ ማዳም ውሃውን ቀይሩት አለች። ዋይት የሚሉት የውሃ ቦቴ ተጠራ፤ ግማሹ ተቀዳ፣ ግማሹ ተሞላ። የመጣው ውሃ ክሎሪኑ አፍንጫ ይሰነጥቃል። በማግስቱ ሁለት ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ፤ ከሥር የተነቃነቀው ደለል ደግሞ ኩሬውን መልሶ አደፈረሰው። ከዚያ ባባ፣ የማዳም ባል፣ ከዓሣ መሸጫ ሰማያዊ መድኃኒት ይዞ መጥቶ ጠብ ጠብ አደረገበት። ድፍርሱ አልለቀቀም፤ ሰማያዊ ድፍርስ ሆነ። «አሁንስ የልብስ ማጠቢያ መሰለ» ብዬ ላስቀው ሞከርኩ። አልሳቀም። ሳይደፈርስ አይጠራም ይባላል፤ የተረተው ሰው ግን ዓርብ የሚባል ቀጠሮ አልነበረበትም።

ረቡዕ ምሳውን ሳወጣለት ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ። «ሽፈራውን አገኘሁት» አለኝ። ባዲዓ ያለ አንድ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ እንዳለ በስልክ አጣርቷል፤ ባለሱቁ ዛሬውኑ እልክልሃለሁ ብሎታል።

«ሽፈራው ማን ነው?» አልኩት።

የምሬን ነበር። እኔ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሽፈራው ብዬ የማውቀው ጎረቤታችን የነበረውን ልብስ ሰፊ ነው። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ሌላ ወረቀት የሌለው ሰው ግቢ ውስጥ ሊያስገባ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እሱ ሳቀ። ሩዙ ከትሪው እስኪፈስ ሳቀ። ሽፈራው ለካ ዛፍ ነው። እነሱ አገር በየደጃፉ የሚተከል፣ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላ። ፍሬው ተወቅጦ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ፣ የደፈረሰ የወንዝ ውሃ ውስጥ ሲማሰል ጭቃው እየተያያዘ ወደ ታች ይሰምጣል። እናቱ ውሃ የምታጠጣቸው እንዲህ አድርጋ ነበር።

ፍሬው መጣ። ኩሽና ውስጥ ወቀጥኩት፤ ነጭ ነው፣ ለውዝ ለውዝ ይሸታል። ማዳም ቤት ጨርቅ እንኳ ባለቤት አለው፣ ጨርቅ ጠፋ ተብሎ ሌላ ጣጣ እንዳይመጣ ከሻንጣዬ ነጠላዬን አውጥቼ ጫፏን ቀደድኩ። ከጥለቷ ቀይ ክር መዘዝኩና አጥብቄ ቋጠርኩለት። ዓሦቹን እንዳይጎዳ በመጀመሪያ በነጭ ባልዲ ሞከርነው። ቆይተን ስናይ ላይኛው ውሃ ጠርቶ፣ ጭቃው እንደ አተላ ከታች ተኝቷል።

ባልዲው ላይ እንዳቀረቀረ ስሜን ጠራኝ። «እህቴ» አላለም። ስሜን ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ አዲስ ቃል እንደሚለማመድ ሰው። እኔም ሳላስበው፣ እናቴ ስትጠራኝ እንደምለው፣ «አቤት» አልኩ። ወደድኩት። ምን እደብቃለሁ፣ በዚያች ደቂቃ ወደድኩት።

በዚያው ማታ ቋጠሮውን በሲባጎ ከፓምፑ ጋር አስሮ ኩሬው ውስጥ ለቀቀው። ዓርብ ጠዋት የኩሬው ጠጠር ይቆጠር ነበር። ማዳም ከበረንዳ አይታ «ማሻአላህ» አለች፤ ለእሱም ከእንግዶቹ ኬክ ቆርሼ እንድሰጠው ነገረችኝ። እሱ ቋጠሮውን ሊያወጣ ሲል ባባ ጠርቶት ምንጣፍ ሊያሸክመው ወደ ወንዶች ሳሎን ወሰደው። የታሰረበት ሲባጎ ደግሞ በፓምፑ ግፊት ተፈትቶ፣ ቋጠሮው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ውሃው ደፍርሶ ቢሆን ኖሮ ማን ያየው ነበር?

ማዳም ዓሦቹን ልታበላ ጎንበስ አለች። አልጮኸችም። ምግቡ ከእጇ ፈሰሰ፤ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ነጭ ጨርቅ፣ በቀይ ክር የተቋጠረ፣ ውሃ ሥር የተቀመጠ። ለእሷ ይህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲሕር፣ ድግምት። ሐበሻ ድግምተኛ ነው የሚለውን ወሬ እኔው ራሴ ለእንግዶቿ ጋህዋ፣ የዓረቦቹን ቡና፣ እየቀዳሁ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። በስርቆት የተጠረጠረ ሰው ይለምናል፣ ይምላል፣ ይፈተሻል። በዚህ የተጠረጠረ ግን የሚሰማው አያገኝም።

ባባ በመጥረጊያ እንጨት አወጣው፤ በእጁ ሊነካው አልፈለገም። አትክልተኛው ተጠርቶ መጣ፣ ትከሻው ላይ የምንጣፍ ብናኝ አለ። ማን ሠራው፣ በማን ላይ ነው ተብሎ ተጠየቀ። ዝም ማለት አልቻልኩም። በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛዬ ዛፍ ነው አልኩ፣ ፍሬ ነው፣ ውሃ ያጠራል፣ ባልዲ ላምጣና ላሳያችሁ። የዛፉን ዓረብኛ ስም ስላላወቅሁ በራሳችን ስም ጠራሁት። ይህ ሽፈራው ነው አልኳቸው።

ባባ ስልኩን አወጣ። «ሽፈራው ማን ነው? የት ነው የሚኖረው?»

አትክልተኛው አየኝ። እዚያ ቆመን፣ በር ክፍት ሆኖ እየጠበቀው፣ ሳቅ ሊያመልጠን ምንም አልቀረንም። የሁለታችንም ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት እውነታቸውን ነው። ያ ሳቅ እስከዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ፤ አልወጣ፣ አልወረደ።

የቋጠርኩት እኔ ነኝ ልል አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«እህቴ፣ ኸላስ። ዝም በይ።»

ከዚያ በዓረብኛ ለባባ ነገረው። ብቻዬን ነው የሠራሁት አለ። ይህች ሴት ምሳ ከማምጣት በቀር የምታውቀው የለም። ስሟንም አላውቀውም።

ባባ ራሱ በመኪናው ወሰደው። የሲሕሩን ነገር አላከረረውም፤ ቢያከርረው ወረቀት የሌለው ሰው ማን ቀጥሮ ያሠራ ነበር መባሉ አይቀርም። ተርሂል አስረከበውና ተመለሰ፣ ለግብዣው ደረሰ። የአትክልተኛው የፕላስቲክ ጫማ ቴምሩ ሥር ቀርቷል፤ ኬኩም ሳይነካ ዝንብ ወርሮታል።

እንግዶቹ መጡ። ጋህዋ እየቀዳሁ ማዳም ለእህቶቿ ስትተርክ ሰማሁ። ኩሬው ደፍርሶ ደፍርሶ አስቸግሯት ነበር አሉ፤ ሲሕሩ ተገኝቶ ከውሃው እንደወጣ፣ ሱብሓነላህ፣ ወዲያው ጠራ። ስለጠራ የተገኘውን፣ ስለተገኘ ጠራ አደረገችው። እህቶቿ ጎንበስ እያሉ ውሃውን አደነቁ። ጀበናውን ጥዬባቸው ብወጣ ደስ ባለኝ ነበር። አልጣልኩትም፤ ሲኒ ባዶ በሆነ ቁጥር ሞላሁ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ማዳም አይደለችም፣ እሱ ነው። ማን ለምኖህ? ቋጠሮው የእኔ፣ ክሩ የእኔ ነጠላ ክር። ብናገር ምን ይመጣል? እኔንም ይጠርዙኝ ነበር። ቢጠርዙኝስ? ቢያንስ አብረን እንሄድ ነበር። አገሩ መግባቱን ከባዲዓው ባለሱቅ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ የሰማሁት የለም። ስሟን አላውቅም ያለ ሰው እንዴት ብሎ ይጠይቅ?

በሌላ ጊዜ አቧራው ተመለሰ፣ ኩሬውም ደፈረሰ። ማዳም ጠርታኝ መላ ታውቂ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሻንጣዬ ውስጥ እፍኝ ሽፈራው ነበረኝ። «አላውቅም ማዳም» አልኳት። ዓሦቹ አለቁ፤ ኩሬውም በአፈር ተሞልቶ አበባ ተተከለበት። ዓሦቹ ያሳዝኑኛል፣ ምን አደረጉ?

ነጠላዬ ዛሬም አለች፣ ጫፏ እንደተቀደደ። በሪያድ ጎዳና «እህቴ» የሚለኝ ሰው ሞልቷል፤ አውቶቡስ ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ሆቴሉ በር ላይ። እዞራለሁ፣ የጠየቀኝን አሳየዋለሁ። በስሜ የሚጠራኝ ግን የለም፤ አለቃችንም እንኳ ጣቱን ነው የሚቀስረው። አንዳንድ ጠዋት ሰው ሳይገባ፣ ገንዳው ላይ እንዳቀረቀርኩ፣ ስሜን ራሴ እጠራዋለሁ፤ ቀስ ብዬ፣ እሱ እንደጠራኝ። ቆይቼም ራሴው «አቤት» እላለሁ።