በካላማዳሪ የታሰረ የገና ዱላ

ወንድሜ የገና ዱላውን ወደ ምድጃው ሲጨምር ደረስኩበት። ከደጋ የመጣ ወይራ ነው፣ ጫፉ በተፈጥሮው የጎበጠ፤ አባታችን በሕይወት ሳለ አስመርጦ የገዛለት። ዘልዬ ከእሳቱ አወጣሁት። መዳፌን አቃጠለኝ፣ አልለቀቅኩትም።

«አብደሃል እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት።

«ለማገዶ ካልሆነ ለምን ይሆናል?» አለኝ።

አምና የማሽላ መውቂያ ማሽን የቀኝ እጁን አራት ጣቶች በልቶበታል። የቀረው አውራ ጣቱ ብቻ ነው። ቁስሉ ደርቋል፤ ማረስም ቢሆን እንደምንም ይሞክራል። ገና በመጣ ቁጥር ግን ቆቦ ላይ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ወንዶች ተቧድነው ሩር ይመታሉ። ሩር ማለት ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል ናት፤ በእጅም በእግርም አትነካም፣ በዱላ ብቻ ነው። ዱላ መጨበጥ ያልቻለ ዳር ይቀመጣል።

«እታለም፣» አለኝ፣ «የቆጨኝ ጣቴ አይደለም። ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያናግረኝ። ያ ጎሚስታ እንኳ!»

ጎሚስታው ከሱቄ ፊት ለፊት ጎማ የሚለጥፈው ጎረቤታችን ነው። ከወንድሜ ጋር ከልጅነት ጀምሮ ሲሰዳደቡ ነው ያደጉት። ጠዋት ሱቄን ስከፍት የሁለቱ ስድብ ነበር የሚቀድመኝ፤ አንዱ ሌላውን ሰነፍ፣ ሆዳም፣ መልከ ጥፉ ሳይለው አይውልም ነበር። ከአደጋው ወዲህ ግን ጎሚስታው ወንድሜን ሲያይ ዓይኑን መሬት ይተክላል። «አብሽር ወንድሜ፣ አላህ ያሽርህ» ብቻ ነው። ደግ ሰው ነው፣ ከልቡ ነው የሚለው። ወንድሜን ግን እየገደለው ነበር።

«ለቅሶ ደራሽ ነው የሚመስለው፣» አለኝ። «ሟቹ ደግሞ እኔ። ዘንድሮ ሜዳው ዳር ከሽማግሌ ጋር ከተቀመጥኩ በቃ፣ ዕድሜ ልኬን ዳር ተቀማጭ ነኝ።»

ሲከፋኝ እናደዳለሁ፣ አመሌ ነው። «ድንቄም ዳር ተቀማጭ! እኔ እያለሁ?» ብዬ ዱላውን ይዤ ወጣሁ።

እንጀራዬ ስፌት ነው። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የጆንያ አፍ፣ የተቀደደ ድንኳን፣ መርፌ የሚገባበትን ሁሉ እሰፋለሁ። ጎሚስታው ጋ ሄጄ አሮጌ ካላማዳሪ ስጠኝ አልኩት፤ ያችን የጎማ የውስጥ ላስቲክ።

«ለምንሽ ነው?»

«የወንድሜን ዱላ እጁ ላይ ላስርበት።»

ደህናውን መርጦ ቆረጠ፣ ፈገፈገ፣ ቀዳዳውን ራሱ ለጠፈልኝ። ወንድሜ የላይ ሰፈር ነው፣ እሱ የታች። ድሮ ቢሆን «ለጠላቴማ አልሰጥም» ብሎ ግማሽ ቀን ያለፋኝ ነበር። አሁንም አንድ ነገር ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ሲውጠው በዓይኔ አየሁት። «ኢንሻአላህ ይሆንለታል» ብሎ ሰጠኝ።

የመጀመሪያው ማሰሪያ አልሆነም፤ አጥብቄው ኖሮ እጁ አበጠ። ሁለተኛው ላላና ዱላው እየዞረ መከራ አሳየው። በኋላ ከውስጥ የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ አድርጌ፣ ከመዳፉ እስከ ክርኑ ጠፍሬ ሰፋሁለትና ያዘ። ሩር ስላልነበረን በሽንኩርት ነበር የሚለማመደው። የወጥ ሽንኩርቴን በሙሉ በአጥር ላይ አሻግሮ ጨረሰብኝ። እየተሳደብኩ ሌላ ሽንኩርት አመጣለት ነበር።

የቀረው የጨዋታው ዳኛ ነው። ዳኛችን ቁና ቁና የሚተነፍሱ ትልቅ ሰው ናቸው። ጎልማሳነታቸውን አዲስ አበባ ጎልፍ ሜዳ ላይ ሣር ሲያጭዱና ኳስ ሲለቅሙ አሳልፈው፣ ጡረታ ሲወጡ ነው አገራቸው የገቡት። ከዚያ ወዲህ ነገር ሁሉ በጎልፍ ይመዘናል። ሰርግ ላይ ወጥ ቢዘገይ እንኳ «ጎልፍ ላይ ቢሆን» ይላሉ። ሜዳው ላይ ግን ቃላቸው ሕግ ነው።

ኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። የወንድሜን እጅ አገላብጠው አዩ።

«ልጄ፣ እኔ በሠራሁበት ጎልፍ ሜዳ አንዱ ቱጃር ያልተለመደ ዱላ ይዞ ቢመጣ፣ ‹አስመርምረው› ነው የሚባል፤ ካልሆነም ይመለሳል። ዱላ የጨዋታው ፊት ነው። ዘንድሮ ደግሞ በስልክ የሚቀርጹ ልጆች አሉ፤ ከጎብዬም ከዋጃም ሰው ይመጣል። ቆቦ ዱላ አጥታ በካላማዳሪ ትጫወታለች ይበሉን? የጨዋታው ገጽታ ይበላሻል።»

«የምን ገጽታ!» አልኩ። «አያ፣ አምና ሩሯ ተሰንጥቃ በሽቦ ጠፍረን አይደል የጨረስናት? ገጽታው ያኔ የት ሄዶ ነበር?»

ጥላው ሥር የነበሩት ሳቁ። እሳቸው አልተቆጡም።

«አንቺ እሳት፣ አስጨርሽኝ እንጂ! ሜዳ ላይ ጠብ ሲነሣ ‹ዱላ ጣሉ!› እላለሁ። ሁሉም ይጥላል፣ በዚያው ይበርዳል። ወንድምሽ በምኑ ይጣል? እጁ ላይ ሰፍተሽበታል።»

እውነታቸውን ነው። ተናድጄ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ ትክክል የሆነ ሰው ከተሳሳተው ይብስ ያናድደኛል።

በማግስቱ ገበያ ነበር። የሽንኩርት ጭነት ሲራገፍ ቆሜ አየሁ። ባለ አህያው የገመዱን ጫፍ አንዴ ሳብ ሲያደርገው ሁለቱም ጆንያ ዱብ አለ። ወይ አለማስተዋል! ያንን ቋጠሮ እኮ ከእናቴ ጋር ዋጃ ገበያ ስንመላለስ በልጅነቴ ስቋጥረው የኖርኩት ነው። እየሮጥኩ ሱቅ ገብቼ ማሰሪያውን ፈታሁና እንደ አህያ ጭነት አድርጌ ቋጠርኩት፤ ጫፉንም ወንድሜ በጥርሱ እንዲደርስበት አስረዘምኩት።

ተመልሰን ሄድን። ዳኛው ስለ ጤናችን እየጠየቁን ሳለ በመሀል «ዱላ ጣል!» ብለው ጮሁ። ወንድሜ ጫፉን በጥርሱ ነከሰና ሳበው። ዱላው የወደቀው እሳቸው እግር ላይ ነበር።

«እህህ… ተጥሏል፣» አሉ እግራቸውን ይዘው፣ «በደንብ ተጥሏል። ይጫወት። ግን ስሚ፣ ሕዝብ ቢሥቅበት አስቆመዋለሁ። ልጁም ጨዋታውም እንዲዋረድ አልፈልግም።»

«የሚሥቅበት ይምጣና ያየኛል!» አልኩ። በዚህ እንኳ ተስማማን።

የገና ዕለት ማሽላው የታጨደበት ሜዳ በሰው ተሞላ። «ሚናህን ለይ!» ሲባል ወንድሜ ከላይ ሰፈር ጋር ቆመ። ሩሯ ተጣለች፣ አቧራው ተነሣ፣ ጨዋታው ደራ። ትንሽ ቆይቼ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሩሯ ወንድሜ ጋ ስትደርስ የታች ሰፈሮች ገለል ይላሉ። መንገድ ይለቁለታል! ጎሚስታው ራሱ ዱላውን አውርዶ ቆመለት። ወንድሜ ማንም ሳይከለክለው ሁለት ጊዜ መታ፣ ሰውም አጨበጨበ። ያ ጭብጨባ እኔን እንኳ አሳመመኝ።

በሦስተኛው ወንድሜ ሩሯን ትቶ ቀጥታ ጎሚስታው ላይ ሄደ፤ በትከሻው ገጨው።

«ምን ታየኛለህ! ተጫወት እንጂ!»

ጎሚስታው ደንግጦ ቀረ። ሩሯ እንደገና ስትመጣ ግን የወንድሜን ዱላ በዱላው ቆልፎ ሩሯን ነጠቀው፤ ወንድሜም አፈር ላይ ተዘረጋ። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ዳኛው «ተቀመጪ!» አሉኝ። ወንድሜ ተነሣ፣ አፈሩን አራገፈ፣ እየሮጠ ተከተለው። ከዚያ በኋላ የማንም ዱላ አልራራለትም። ቅልጥሙን ተመታ፣ መታም። እሰይ!

እኩል ለእኩል ሆነው መጨረሻው ደረሰ። ሩሯ ወንድሜ እግር ሥር መጣች፣ ፊት ለፊቱ ማንም የለም፣ የሚቀረው መስመሩን ማሳለፍ ብቻ ነው። ባለ በሌለ ኃይሉ ሰነዘረና ሳታት። ጭራሽ አልነካትም። በራሱ ጉልበት ዞሮ ቁጭ አለ። ጎሚስታው ከኋላ ደርሶ ወሰዳት፤ ሜዳውን አቋርጦ በኛ መስመር አሳለፋት። ተሸነፍን።

የገና ጨዋታ ወጉ ነው፣ አሸናፊ እየጨፈረ ተሸናፊን ይሰድባል። ባላባትም ይሁን ቄስ፣ ማንም አይቀየምም፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሏል። የታች ሰፈሮች የኛን ሰዎች በየተራ ሰደቡ። አንዱን በሆዱ፣ አንዱን በሚስቱ ወጥ። የወንድሜ ተራ ሲደርስ ጭፈራው ቀጥ አለ። ሁሉም ጎሚስታውን ያያል። ዳኛው ሊያስቆሙ እጃቸውን አነሡ። እኔ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዣለሁ፣ ለሚናገር ሰው።

ጎሚስታው ወንድሜን አየው። ወንድሜም አየው። ከዚያ ያ ለወራት መሬት መሬት ሲያይ የከረመ ሰው አንገቱን ቀና አደረገና፦

«ጎማውስ ደህና ነበር፣ እኔው የለጠፍኩት፤
ነጂው ነው ሰነፉ፣ ዛሬ ነው ያወቅኩት!»

መጀመሪያ የሣቀው ወንድሜ ነው። ሆዱን ይዞ እስኪንበረከክ ሣቀ። ከዚያ ሜዳው ሁሉ ፈነዳ፤ የሚቀርጹትም ስልካቸውን መያዝ አቃታቸው። ዳኛው የተነሣ እጃቸውን በቀስታ አወረዱና ወደ ሌላ ዞረው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሣቁ። እኔ እየሣቅኩ አለቀስኩ። ጫማዬን መልሼ ማድረግ እንኳ አቃተኝ።

ወንድሜ አቧራውን እንደተሸከመ እየሮጠ መጣ። ፊቱ በርቷል፤ ዱላው ገና ከእጁ አልተፈታም።

«እታለም፣ ሰማሽው? ሰደበኝ እኮ! በሕዝብ ፊት ሰደበኝ!»

መልሴን አልጠበቀም። ስድቡን ሊመልስ ወደ እነሱ ሮጠ።