ሠርግ የተቀዳበት ፊልም

ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ ላስቲክ አንጥፌ አሮጌ መጽሐፍ በምሸጥበት ዘመን፣ ከመጽሐፎቼ ግማሾቹ መጨረሻ አልነበራቸውም። ጥፋቱ የባለሱቆች ነው። መጽሐፍ እጃቸው ከገባ ከኋላው እየገነጠሉ ስኳር ይጠቀልሉበታል። እኔም መላ አገኘሁ፤ ሙሉውን ያነበበ ሰው አፈላልጌ መጨረሻውን እጠይቅና ለገዢው ከመጽሐፉ ጋር በቃል አስረክባለሁ። የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ እንጂ ከራሴ ፈጥሬ አልናገርም። ከአጋርፋ ኮሌጅ የሚመጡ ተማሪዎች “እሱ ካለ አለቀ” ይሉ ነበር። ምን ያስደብቃል፣ ደስ ይለኝ ነበር።

አጠገቤ በረንዳ ላይ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በገበያ ቀን ባለቤታቸው ከጎባ አብረዋቸው ይመጣሉ። እኔ “አዴ” እላቸዋለሁ፣ እናቴ ለማለት፣ እንደ ልጆቻቸው። ሁለቱ ቁጭ ካሉ ክርክር አለ፤ ክርክሩም አንድ ብቻ ነው። በወጣትነታቸው ጎባ ላይ ፊልም የሚያሳይ መኪና መጥቶ ነበር። በፊልሙ አንድ ሾፌር ለአንዲት ልጅ ተመልሼ እመጣለሁ ብሎ ይሄዳል። ልጅቷ መንገድ ዳር ወተት ይዛ ስትጠብቅ የባሌ በረዶ ወረደና ፊልሙ ተቋረጠ። በማግስቱ መኪናው አገር ለቀቀ። ሁለቱ የማይተዋወቁ ወጣቶች አንድ ጣሪያ ሥር ተጠልለው፣ ይመለሳል አይመለስም ሲከራከሩ ተግባቡ። ተጋቡ፣ ወለዱ፣ ልጅ ዳሩ፣ ክርክሩ ግን አላለቀም።

“ይመለሳል” ይላሉ አዴ።

“ወላሂ አይመለስም። ሾፌር አውቃለሁ” ይላሉ እሳቸው።

አንድ ክረምት፣ ወደ ሌላ አገር የተዛወረ ጸሐፊ መጽሐፎቹን በጆንያ ሸጠልኝ። ከሥሩ ምንም ያልተጻፈበት የቪዲዮ ካሴት ወጣ። ዝናብ ስለነበር መጽሐፎቼን ሸፍኜ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቪዲዮ ቤት ገባሁና ባለቤቱን ክፈትልኝ አልኩት። ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፣ ዝግ ያለ። ካራቴና የህንድ ፊልም የለመደው ተመልካች “ዜና ነው እንዴ?” እያለ አንድ በአንድ ወጣ። ባለቤቱም ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ብቻዬን ቀረሁ። ልጅቷ ወተቷን ይዛ መንገድ ዳር ስትቆም አወቅኩት፤ የጎረቤቴ ፊልም ነው። መኪናው መጣ። የወረደው ግን ሌላ ሾፌር ነበር። ልጅቷ ትንሽ አየችው፣ ወተቱን ሰጠችውና ወደ ቤቷ ሄደች። አለቀ። አለቀስኩ። እንደዚያ ያለ ፊልም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ሮጬ ለሽማግሌው ነገርኳቸው። እግራቸውን ከስፌት መኪናቸው ፔዳል ላይ አነሱ።

“መጨረሻውን እንዳትነግረኝ። እሷ በሌለችበት አልሰማም። በገበያ ቀን አብረን እናየዋለን፣ ኢንሻአላህ።”

ካሴቱን ማጫወቻ ስለሌለኝ እዚያው ቪዲዮ ቤት ተውኩት። አደራ ማለት አልመጣልኝም። ባለቤቱ ደግሞ ሠርግም ይቀርጻል፤ ሰው ሁሉ ጥሎት የወጣ ፊልም ለእሱ ባዶ ካሴት ነው።

በገበያ ቀን ባልና ሚስቱ ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አዴ ደህናውን ሻሻቸውን አስረዋል። ልጅቷ መንገድ ዳር ቆመች። ከሩቅ አቧራ ተነሣ። ይሄኔ ቴሌቪዥኑ በቀለም ደመቀ፤ አበባ ካጌጠ መኪና ሙሽሮች ወረዱ፣ እልልታው ቀለጠ።

“አላልኩም?” አሉ አዴ። “ይኸው መጥቶ አገባት።”

“ይሄ የጎሮው ሙሽራ ነው” አሉ ባላቸው። “ሱፉን የሰፋሁት እኔ ነኝ።”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሳቁ ሲበርድ አዴ ወደኔ ዞሩ።

“አንተ አይተኸዋል። መጨረሻ አትዋሽም ይሉሃል። ተመለሰ?”

ሽማግሌውን አየኋቸው። ያን ሁሉ ዓመት የተከራከሩለትን ድል ሊቀበሉ ነው ብዬ ነበር። አቀርቅረው ጣቶቻቸውን ያያሉ፤ ማሸነፉን የፈሩት መሰለኝ።

“ተመልሷል፣ አዴ” አልኩ።

አዴ አልፎከሩም። የባላቸውን እጅ ይዘው “ሰማህ?” አሉ ቀስ ብለው።

“ሰማሁ። ተሸነፍኩ።”

ከዚያ ወዲህ ሱፍ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ፣ የሽማግሌውን መሸነፍ ሳይሰማ አይሄድም ነበር።

አዴ ካረፉ በኋላ ውሸቴ እንቅልፍ ነሳኝ። አንድ ቀን “አባባ፣ ያ ፊልም እኮ...” ብዬ ጀመርኩ። ቀና ብለው አዩኝ።

“ኢልማኮ” አሉ፣ ልጄ ለማለት፣ “ያን ቀን እንደነገርካት ነው።” ፔዳሉን ረገጡት፣ ወሬያችንም በዚያው አበቃ።

ያንን ፊልም ሰው ሁሉ ቢያየው ደስ ባለኝ። የመጽሐፍ ጆንያ በመጣልኝ ቁጥር መጀመሪያ እጄን ወደ ሥሩ ሰድጄ፣ ሌላ ቅጂ ይኖር እንደሆነ እፈልግ ነበር። አጠገቤ የሽማግሌው መኪና እየሰፋ፣ እጄ ባዶውን ሲወጣ ግን ተመስገን እል ነበር።